ሥራ ፈት እግር

ጥቅምት 6

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። አጎታችንም እጁ ከመንቀጥቀጡና ግራ ጆሮው ከመዘጋቱ በቀር ጤነኛ ነው። አጠገቡ ያለውን ሁሉ ሲቆጣ ይውላል፤ ይኸውም ጋሼ ጤነኛ የመሆኑ ምልክት ነው። ስልክ ስለማይሰማው ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ስጨርስ «እስቲ ድገሚው» ይላል። እኔ የምነግረውን ነገር ግን ድገሚው ብሎኝ አያውቅም። እንዲያው ልንገርህ ብዬ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጋሼ ሁለታችንንም ያስተማረንን ስቲል ጊታር አሁንም እኔው እጫወታለሁ። አንተ ዘንድ ጊታር የሚባለው ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ብቻ መስሎህ እንዳይቀር ላስታውስህ፦ የኛው እንደ ጠረጴዛ በአራት እግሩ ይቆማል፣ ሰው ፊቱ ይቀመጣል። ግራ እጅ ብረቱን ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ ቀኝ እጅ ክሩን ይነካል፣ ከታች ደግሞ እግር ፔዳሎቹን እየረገጠ ክሩን ያጠብቃል፣ ያላላል። በባንዳችን ውስጥ የኔ ወንበር ከከበሮው አጠገብ ነው። ነበር ልልህ ትንሽ ነው የቀረኝ።

አንድ ባለ ኪቦርድ መጥቶብናል። እኛ «ሁሉ በጄ» ነው የምንለው። ምን ቢጠየቅ «እሱም አለኝ» ይላል። ቫዮሊን? አለኝ። ጥሩምባ? አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንዱን ቁልፍ ተጭኖ የስቲል ጊታር ድምፅ አወጣ፤ ያውም ቀስ እያለ የሚሽከረከር፣ ከውኃ ውስጥ ገባ ወጣ የሚል የሚመስል ነገር ጨምሮበት። የባንዱ አለቃ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አዲሱ አዳራሽ ሲከፈት መድረኩ ጠባብ ነው፤ እስቲ እናንተ ሁለታችሁ ተስማሙ» አለኝ። ምኑን ነው የምንስማማው? ወንበር እንደ ዳቦ አይቆረስ!

ያ የሚሽከረከር ድምፅ የሚገኘው ከፌዘር ነው ብሎ ጋሼ ነገረኝ። ትንሽ የብረት ሳጥን ናት፣ ስትረገጥ ትበራለች፣ ደግማ ስትረገጥ ትጠፋለች። አንተ የምትሠራው የሙዚቃ ዕቃ መደብር ውስጥ ነው፤ እኔ አንዱን በሕልሜ ሳይ አንተ አቧራቸውን ታራግፋለህ። ቀናሁብህ፣ አልደብቅህም። ለስቲል የሚሆነውን መርጠህ ላክልኝ። አዳራሹ የሚከፈተው ግንቦት ላይ ነው። እስከዚያ ድምፄ ካልታደሰ ወንበሬ ይታጠፋል።

እህትህ


ኅዳር 21

ለእህቴ፣ ለወንበሩ ባለቤት፣

ሰላምታዬ ቤቱን ይሙላው። የጋሼን ጉልበት ሳሚልኝ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ እዚህ ሰው ያለኔ አንድ ዕቃ አይመርጥም።

ፌዘር መምረጥ ሽንኩርት መምረጥ እንዳይመስልሽ። መደርደሪያችን ላይ ሦስት ዓይነት አለ። ብርቱካናማው አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው ያለው፤ የሚሽከረከርበትን ፍጥነት ትቀይሪበታለሽ፣ አለቀ። ድምፁ ወፍራምና ደፋር ነው፤ ግን ዝግ በል ሲሉት እሺ አይልም። ስቲል ደግሞ ድምፁን ጎትቶ ጎትቶ የሚያቆይ ዕቃ ነው፤ እዚያ ላይ ችኩል ፌዘር ከገባበት አድማጩን መርከብ ላይ እንደ ወጣ ሰው ያጥወለውለዋል። ግራጫው ለስላሳ ነው፣ እንደ ልብሽ ዝግ ይላል፤ ሆኖም ሲበራ ድምፁን ትንሽ ይሰርቃል። ሦስተኛው አረንጓዴ ነው፣ የማያደርገው ነገር የለም፤ ክብደቱ የጡብ ነው፣ ዋጋው የበሬ።

በምሳ ሰዓት አንድ በአንድ ሰክቼ ሞክሬአቸዋለሁ። ግን አጨዋወትሽን ሳልሰማ አልመርጥም፤ እግሩ ላልተለካ ሰው ጫማ አይገዛም። ካሴት ቅጂልኝ። ጋሼም አንድ ቃል ይናገርበት።

ወንበሩ ላይ የነበረችው ቀይ ትራስ አለች? እኔ ነኝ ያመጣኋት፣ ታስታውሻለሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 4

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቀይዋ ትራስ አለች። እኔ ነኝ የምቀመጥባት።

ካሴቱን ልኬልሃለሁ። የቀዳሁት ሳሎን ውስጥ ነው፤ መስኮቱን ዘግቼ፣ ሰዓቱን ከግድግዳ አውርጄ። ጋሼ ደህናውን ጆሮውን ወደኔ አዙሮ ተቀምጦ ነበር። ስጨርስ ምን አለ መሰለህ? «ጥሩ ነው» አለ። ጥሩ ነው ብሎ ቢያቆም ምን ነበረበት! ትንሽ ቆየና «ያ ልጅ ቢሆን ግን የመጨረሻዋ ድምፅ አታመልጠውም ነበር። የሱ እጅ ማር ነበር» አለ።

ማር! መድኃኒቱን ሰዓት ጠብቄ የምሰጠው እኔ፣ ጥፍሩን የምቆርጠው እኔ፣ ማሩ አንተ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት እውነታቸውን ነው። የሌለ ሰው ክር አይበጥስም፣ አይሳሳትም፣ አያረጅም፤ እኔ ከሌለ ሰው ጋር እንዴት ልወዳደር? ንግግሩ ካሴቱ ላይ ገብቷል። ላጠፋው ብዬ ተውኩት። ስማውና ደስ ይበልህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፌዘሮቹን ሞከርኳቸው ብለሃል። በምን ሞከርካቸው? እዚያ ስቲል አላችሁ እንዴ?

እህትህ


ጥር 27

ለእህቴ፣

ሰላም ለቤቱ። ካሴቱ ደረሰኝ። የጋሼን ድምፅ ሰማሁት። ደጋግሜም ሰማሁት።

አጨዋወትሽን በተመለከተ፦ አራተኛው ክር ትንሽ ወርዷል። መካከለኛው ፔዳል ሲረገጥ ይንቋቋል፤ ከሥር ያሉት ዘንጎች ዝገዋል ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ዘይት አይተው ያውቃሉ? ያ ጊታር ታሟል። የታመመ ጊታር ላይ ፌዘር መጨመር ያደፈ ሸሚዝ ላይ ሽቶ መርጨት ነው።

ስለዚህ አስቤ አስቤ አንድ ነገር ላይ ደርሻለሁ። ጊታሩን በመርከብ ላኪልኝ። እዚህ እጁ የተመሰከረለት ጠጋኝ አውቃለሁ። ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ፌዘሩም እዚሁ ተሞክሮ ይመረጥለታል። ከዚያ በኋላ እናስብበታለን። ጋሼ የሄድኩ ዕለት በር ላይ ቆሞ «ጊታሩ ይጠብቅሃል» ብሎኝ ነበር። አንቺም አጠገቡ ነበርሽ።

ወንድምሽ


የካቲት 12

ይድረስ ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን ለጋሼ ያነበብኩለት ግማሹን ነው። ዘይቱ ላይ ስደርስ ራሴን አመመኝ ብዬ አቆምኩ።

ሳጥን ላክልኝ ብልህ ጊታሩን ላኪልኝ ትለኛለህ? የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ! «ከዚያ በኋላ እናስብበታለን» የምትላት ነገርህ ላም አለኝ በሰማይ ናት። እኔ ምን ላይ ልጫወት፣ መስኮት ላይ? ግንቦት ላይ ሁሉ በጄ ወንበሬን ሲወርስ አንተ እዚያ ዘይት ትቀባለህ።

ጋሼ ጊታሩ ይጠብቅሃል ማለቱ እውነት ነው፣ ሰምቻለሁ። ጊታሩ ጠብቆሃል። አንተ ነህ ያልጠበቅከው። ከዚህ ቤት የሚወጣ ከሆነ እኔም አብሬው ነው የምወጣው። ይኸው ነው።

ለማንኛውም ዘንጎቹን ዘይት ቀባኋቸው። መንቋቋቱ ቀርቷል። ይሄንን ሳልነግርህ ብቀር ደስ ይለኝ ነበር።

እህትህ


መጋቢት 3

ለእህቴ፣

ፌዘሩን ወደዚያ በሚሄድ ሰው ልኬአለሁ። ግራጫው ነው። ባትሪው ውስጡ ነው። አንዱን ገመድ ከጊታሩ ትሰኪበታለሽ፣ ሌላው ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። ማዞሪያውን ከግማሽ በታች አድርጊው፤ ለስቲል ዝግታ ነው የሚያምረው። ድምፅ ከቀነሰብሽ አምፕሊፋየሩ ላይ ጥቂት ጨምሪ።

ሳጥኑን በቀኝ በኩል ወለሉ ላይ አስቀምጪው። ግራ እግርሽ ፔዳሎቹ ላይ ስለሆነ ቀኝ እግርሽ ሥራ ፈት ነው፤ በሱ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው። ሌላው እንደ ነበረ ነው።

ዋጋውን ተይው። ጋሼን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 29

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሳጥኑ ደርሶኛል። መጀመሪያ ምስጋናዬን ተቀበል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስታነብ እንዳትረሳው።

ቤት ውስጥ፣ ፌዘሩን አብርቼ ትቼው ስጫወት፣ ያ ድምፅ ምን ልበልህ! በር ቀስ ብሎ ሲከፈትና ሲዘጋ ከወዲያ የሚሰማ ዘፈን ይመስላል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማችኝ። ችግሩ ሁልጊዜ በርቶ አይዘለቅም፤ ዘፈኑን በሙሉ ያለብሰዋል። የሚፈለገው ረዣዥሞቹ ድምፆች ላይ ብቻ ነው፣ ማብራትና ማጥፋት አለ። ማክሰኞ ልምምድ ላይ አንተ እንዳልከኝ በቀኝ በኩል አስቀመጥኩት።

ረጅሙ ድምፅ መጣ። ግራ እግሬ ፔዳሉን ረግጧል፣ ግራ ጉልበቴ ከጊታሩ ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ውጭ ገፍቷል፣ ቀኝ እግሬን አንስቼ ፌዘሩን ረገጥኩ። ድምፁ እጄ ላይ ሞተ። ደንግጬ እግሬን ወደ ቦታው ስመልስ የድምፅ ፔዳሉን እስከ ታች ደፈቅኩትና ጊታሩ እንደ መኪና ጡሩምባ ጮኸ። ከበሮ መቺው ዱላውን ጣለ። ሁሉ በጄ ቀስ ብሎ አንድ ጣቱን ዘረጋና እኔ የጀመርኩትን ዜማ ጨረሰው። «እሱም አለኝ» አለ። አለቃችን ሰዓቱን አየ።

«ቀኝ እግርሽ ሥራ ፈት ነው»! ስቲል ላይ የተቀመጠ ሰው ነው ይሄን የሚለው? የቀኝ እግር ሥራ የድምፅ ፔዳሉ ላይ ነው፤ ድምፁ ሊሞት ሲል ቀስ እያልን የምንመግበው በሱ ነው። ጋሼ መጀመሪያ ያስተማረን ይሄን አይደለም? ስቲል ላይ እንኳን እግር ጉልበትም ሥራ አይፈታም።

አሁን ገባኝ። ፌዘሮቹን የሞከርካቸው ቆመህ፣ ደረት ላይ በሚንጠለጠለው ጊታር ነው። ባለፈው ስጠይቅህ ዝም ያልከው ለዚህ ነው። እኔ እዚህ በማር እጅህ ቀንቼ ስቃጠል አንተ እግርህን ረስተሃል።

ማታውኑ ለጋሼ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። «ያ ማር ያልከው ልጅ የድምፅ ፔዳል መኖሩን ረስቷል» ልለው። ሲያየኝ ዘጋሁት። ለምን እንደ ዘጋሁት አላውቅም።

እህትህ


ሚያዝያ 12

እህትዓለም፣

ይህን ለጋሼ አታንብቢለት።

እውነትሽን ነው። እዚህ ስቲል የለም። እኔም ዕቃ መራጭ አይደለሁም፤ ሥራዬ ጓዳ ነው፣ ካርቶን እከፍታለሁ፣ እሸከማለሁ፣ እደረድራለሁ። ዕቃዎቹን የምነካው ሻጮቹ ምሳ ሲወጡ ነው። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ስቲል ፊት ተቀምጬ አላውቅም።

ግን እለማመዳለሁ፣ እንዳትስቂ። ምሳዬን ስጨርስ ጠረጴዛው ላይ ማንኪያዬን እንደ ብረቱ እያንሸራተትኩ በቀኝ እጄ የሌለ ክር እነካለሁ። የጋሼን ዘፈኖች አንድም አልረሳሁም። ጠረጴዛው ሥር ግን ፔዳል የለም። እጄ ሲያስታውስ እግሬ ረሳ። ይሄንን ያወቅኩት ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ነው፤ ከዚያ ማንኪያውን ማየት አስጠላኝ።

ካሴቱን ስሰማም ያን ሁሉ እንከን ያወጣሁት ፈልጌ ፈልጌ ነው። አራተኛው ክር ያን ያህል አልወረደም ነበር። ቀናሁ። ጋሼ ስለ እኔ እጅ የሚያወራው ያንቺን እጅ እያየ ነው፤ አንቺ አጠገቡ ነሽ፣ እኔ ወሬ ነኝ። ጊታሩን ላኪልኝ ያልኩሽ እንዲጠገን አልነበረም፤ አንቺም አውቀሽዋል። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ።

መላ አለው። ፌዘሩን ከጊታሩ ጠርዝ ጋር የሚያስር ማሰሪያ አለ፤ ሳጥኑን ወደ እጅሽ ያቀርበዋል፣ ከእግር ይልቅ በጣት ትነኪዋለሽ። የማሰሪያው ካርቶን እንደ መጣ እልክልሻለሁ። ለግንቦት ባይደርስልሽ ግን ምን ላድርግ?

ወንድምሽ


ግንቦት 11

ይድረስ ለወንድሜ፣

ማንኪያህ እንኳ ሰው ሆኖ አስለቀሰኝ። ለጋሼ አላነበብኩለትም። አሁን አንተ ተቀምጠህ ስማኝ።

ደብዳቤህ በደረሰ ሰሞን ሳሎን ውስጥ እለማመድ ነበር። ሳጥኑን ተስፋ ቆርጬ በግራ በኩል ወለሉ ላይ ጥዬዋለሁ። ጋሼ ደህናው ጆሮው ወደኔ እንዲሆን ወንበሩን ከግራዬ አስጠግቶ ተቀመጠ። ረጅሙ ድምፅ ላይ ስደርስ እኔ ሳልነካው ፌዘሩ በራ። ዞር ስል የጋሼ እግር ሳጥኑ ላይ ነው። «ምን ታዪኛለሽ፣ ቀጥዪ» አለኝ። ድምፁ ሊያልቅ ሲል አጠፋው። ደግሜ ተጫወትኩ፣ ደግሞ አበራው። አንድም ጊዜ አልዘገየም።

«እንዴት ነው የምታውቀው፣ ጋሼ? ይሰማሃል?» አልኩት።

«ምኑ ይሰማኛል! ጉልበትሽን ነው የማየው። ወደ ውጭ ሲሄድ ረጅሙ እየመጣ ነው። አንቺ ሳትጀምሪ እኔ አውቀዋለሁ።»

እጁ ብርጭቆ አይዝም፣ ታውቃለህ። እግሩ ግን የድሮ እግሩ ነው።

የአዳራሹ ዕለት ኮትና ከረባቱን አደረገ፤ ሶሉ ስስ የሆነውን ጫማ መረጠ፣ ማብሪያዋ በደንብ እንድትሰማው። አለቃችን መድረኩ ላይ ሲያየው «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ባንዱ ውስጥ ሌላ ሰው አልቀጠርኩም፤ ቦታም የለም» አለው። ጋሼ ወንበሩን እያስጠጋ «እኔ ሰው አይደለሁም፣ ፔዳል ነኝ» አለው። ከበሮ መቺው ሳቁን መያዝ አቅቶት ጀርባውን ሰጠን።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያቺ የመጨረሻዋ ድምፅ መጣች። ያቺ አንተን አታመልጥህም የተባለችው። ብረቱን ወደ ላይ ገፋሁ፣ ጉልበቴ ወጣ፣ የጋሼ እግር ወረደ። ድምፁ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ፣ በቀኝ እግሬ መገብኩት፣ ዞረ፣ ዞረ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። አለቃችን ወደ ሁሉ በጄ ተጠግቶ በአገጩ ወደኛ እያሳየ አንድ ነገር ጠየቀው። ያ ሰው ቁልፎቹን አየና ራሱን ነቀነቀ። «እሱ የለኝም» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት! ወንበሬ ከከበሮው አጠገብ ነው። አልታጠፈም።

ቅናቴ ግን አለቀ እንዳይመስልህ። ጋሼ ሳጥኑን በመሀረቡ እየወለወለ አልጋው ራስጌ ነው የሚያስቀምጠው። ለመጣው ሁሉ «ልጄ የላከልኝ ነው» ይላል። ለኔ የተላከ ነው ብለው ማን ይሰማኛል! ሰዎች ከመድረክ ስንወርድ ጨብጠው ያመሰገኑት እሱን ነው፤ ሁለት እጄ፣ ሁለት እግሬና ሁለት ጉልበቴ ሲሠሩ አምሽተው የተደነቀው አንድ እግሩ።

በመንገድ ላይ ክንዴን ይዞ ሲሄድ «የመጨረሻዋን ጥሩ ያዝሻት» አለኝ። ጠበቅኩ። «ያ ልጅ ቢሆን» እስኪል ድረስ ጠበቅኩ። አላለም። ቤት ደረስን።

ቀይዋን ትራስ ለሱ ሰጥቼዋለሁ፤ ወገቡን እንዳያመው። ማሰሪያውን ደግሞ እንዳትልክ። ልከኸው ከሆነም እንደ መጣ ቁም ሣጥን ውስጥ እደብቀዋለሁ። ያ እግር ሥራ ቢያጣ ምን እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ።

እህትህ


ግንቦት 19

ለእህቴ፣

እንደምን አላችሁ? እኔ ከቅናት በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ማሰሪያው ተጠቅልሎ፣ አድራሻሽ ተጽፎበት፣ ጓዳው በር ላይ ነበር። ፈትቼ ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ሻጩ «ምነው፣ አልፈለገችውም?» አለኝ። «ፔዳል አግኝታለች» አልኩት። አልገባውም፣ እኔም አላስረዳሁትም።

«እኔ ሰው አይደለሁም፣ ፔዳል ነኝ» የሚለውን እያስታወስኩ ካርቶን ስሸከም ብቻዬን እየሳቅኩ ዋልኩ፤ በኋላ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረብኝ። ጋሼ ከግራ ተቀምጦ የሚያየው ጉልበት የኔ አይደለም። የሚይዘውም ክንድ የኔ አይደለም። ይሄ ያቃጥላል፣ እህቴ፤ ቃጠሎው ይበርድልኛል እንጂ አይጠፋም። ጊታሩን ግን ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። ያንቺ ነው። ማንኪያውንም ወደ ማንኪያዎቹ መልሼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። የጋሼ እግር የደከመው ዕለት፣ ያ ቀን ይራቅና፣ ማሰሪያ ላክልኝ ብለሽ እንዳትጽፊ። እኔን ጥሪኝ። ትራሷም ብትቀር ግድ የለኝም፤ በግራሽ በኩል ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበትሽን አያለሁ። አንድ ሥራ ፈት እግር አለኝ።

ወንድምሽ